ያወረደ ይጫን

ሀምዳ ወተቱን ሰፍራ ሳንቲሟን በሽርጧ ጫፍ ከቋጠረች በኋላ እንደ ወትሮዋ አልሄደችም፤ ተቀመጠች። ስምንት ዓመት ሙሉ ወተት ስታመላልስ በሰዓዳ ግቢ ውስጥ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አታውቅም። ማልዳ ትመጣለች፣ ሁለት ጣሳ ትሰፍራለች፣ ግመሎቹ ወደ ሸለቆው ሳይወርዱ ልድረስ ብላ ሹልክ ትላለች። ዛሬ ግን ከበሩ ጥግ ካለችው ድንጋይ ላይ ተደላድላ፣ የወተት ዕቃዋን በጉልበቶቿ መሀል አድርጋ፣ ዓይኗን ከግቢው ማዶ በቆመው ተሳቢ መኪና ላይ ተከለች። ሰዓዳ አሥራ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ፊቷ ተቆልሎ እየላጠች ነበር። ድግሱ ዛሬ ለሚሸለመው ለወንድሟ ለከማሉዲን ነው። እያንዳንዳቸው በስልሳ አምስት ብር የተገዙ ሦስት በጎች ከመኪናው ጎማ ላይ ታስረው ይጮሃሉ። ሩዙ ተለቅሟል፤ ቀበሌው ለዚሁ ብሎ የፈቀደው አምስት ኪሎ ስኳር አልጋዋ ሥር ተቆልፎበታል፤ አራት ሳጥን ለስላሳ ከባቡር ጣቢያው ቡና ቤት በትውስት መጥቷል። እናቷ ኡምሰልማ ከጥላው ሥር በጠፍር አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇ ሰሞኑን "ከአሰብ አመጣሁልሽ" ብሎ የሰጣትን ሙስበሃ፣ የዱዓ መቁጠሪያዋን፣ ትቆጥራለች። ከዘጠና ዘጠኙ አንዷ ፍሬ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። የቴምር ፍሬ ናት፤ የጠፋችውን ለመተካት ሰው በእጁ በስቶ የሰካት። ኡምሰልማ እዚያች ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። "ይኼ የደግ ሰው እጅ የነካው ነው" ትላለች በየቀኑ። "ከሱቅ የወጣ ሙስበሃ የቴምር ፍሬ የለውም።"

"ቢላውን አስቀምጪው ሰዓዳ" አለች ሀምዳ በአፋርኛ። "ዳጉ ይዣለሁ።"

ዳጉ ይዣለሁ የተባለ ሰው ቢላ ያስቀምጣል። ሰዓዳ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከገባች አሥር ዓመቷ ነው፤ ቋንቋውንም ወጉንም ከወተት ሻጮቹና ከግመል ነጂዎቹ ለምዳዋለች። ዳጉ የገበያ ወሬ አይደለም፤ ሐሜትም አይደለም። ማን አየ፣ ማን ለማን ነገረ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦታ ተብሎ በቅደም ተከተል ይነገራል። ያላየውን የጨመረ፣ ያየውን የቀነሰ ሰው ዳግመኛ የሚሰማው የለም። ዳጉ የተቀበለም ለራሱ ይዞት አይተኛም፤ ቀጥሎ ላገኘው ሰው ያስረክባል። ከዚያም ተቀባዩን "አንተስ ምን አየህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀ ደግሞ መዋሸት የለበትም። መንግሥት ስልክ ዘርግቶ የሎጊያን ወሬ አዋሽ ለማድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። አፋር ያለ ስልክ በሁለት ቀን ያደርሰዋል፤ ያውም ሳይሸራረፍ።

ሀምዳ የሰማችው ከናስር ነው። ናስር የእናቷ ልጅ ነው፤ ትናንት ከሎጊያ መጣ። ናስር የሰማው በዓይኑ ካየው ከሚስቱ አባት ነው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከሰመራ ሜዳ አልፎ ወደ ዲቾቶ በሚወስደው መንገድ፣ ዛፍም ጎጆም በሌለበት፣ ከመንገዱ ሥር የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ አለ። ፍየል ሊፈልጉ የወጡ ሰዎች እዚያ ቱቦ ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት ልጅ አገኙ። ሽማግሌው ሞቷል። ኩታውን አውልቆ ፀሐይ እንዳይገባ የቱቦውን አፍ ጋርዶበታል። ልጅቷ ነፍሷ አለች። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ስሟ ኑራ ነው። የመጡት ከባቲ በኩል ነው፤ እዚያ የሚበላ የለም። አባቷ አሰብ ወደብ ወዛደር ነው፤ አያቷ ወደ እሱ እየወሰዳት ነበር። ሎጊያ ላይ አንድ ሾፌር ጫናቸው። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሽማግሌው ሙስበሃውን ሰጠው። ፀሐይ ወደ አናት ስትወጣ ሾፌሩ አቆመና ከፊት ኬላ አለ፣ ሰው መጫን ክልክል ነው፣ ከዚያች ኮረብታ ጀርባ ነው፣ በእግራችሁ እለፉ፣ ከወዲያ እጠብቃችኋለሁ አላቸው። ኮረብታዋ ጀርባ ሌላ ሜዳ እንጂ ኬላ የለም። ኬላው ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ውሃ አልሰጣቸውም። አፋሮቹ ሽማግሌውን አጥበው፣ ሰግደውበት፣ ድንጋይ ከምረው ቀበሩት። ልጅቷ አሁን ሎጊያ ናት፤ ከናስር አማት ቤት። ብዙ ሾፌር "እኔ ላድርሳት" ብሏል፤ አልሰጡም። ዋጋዋን ተቀብሎ ያስቀራት አለ፤ ያወረደ ይጫን ብለዋል። መኪናውን ልጅቷ አገግማ ከአራት ቀን በፊት ነግራቸዋለች፤ እነሱም ግመል እንደሚለዩት አድርገው ለየሰው አስረክበዋል። ግራ ዓይኑ የጠፋ፣ በቢጫ ሽቦ የታሰረ ነው። ግንባሩ ላይ ቀይ ዘርፍ ያለው አረንጓዴ ጨርቅ አለው። ሸራው በሰማያዊ የተጣፈ ነው። ሙስበሃው ደግሞ ከፍሬዎቹ አንዷ የቴምር ናት።

ሀምዳ ወንድምሽ ነው አላለችም። ዳጉ የታየውን እንጂ የተጠረጠረውን አይጨምርም። የነገሩን ጫፍ ከቋጨች በኋላ ዓይኗን ከመኪናው አንስታ ወደ ሰዓዳ መለሰች፤ ያኔ ሰዓዳም ቀና ብላ አየችው፤ በዚህ ግቢ ስታየው እንደኖረች ሳይሆን እንደ እንግዳ ነገር። ግራ መብራቱ ተሰብሮ በቢጫ ሽቦ ታስሯል። አረንጓዴውን ጨርቅ ቀይ ዘርፍ አድርጋ በመርፌ የሰፋችው እሷ ናት፤ ሁለት ሌሊት ፈጅቶባታል። ሸራውን የጣፈችበት ሰማያዊ ጨርቅ የገዛ ቀሚሷ ነበር። እናቷ ከኋላዋ "ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ" ትላለች፤ የፍሬዎቹ ቀጭ ቀጭ ይሰማል። አፋርኛ ስለማትችል ምንም አልገባትም። ሰዓዳ ዞር ብላ አላየቻትም።

"አንቺስ ምን አየሽ?" አለቻት ሀምዳ፤ ወጉ ነውና።

ሰዓዳ ቢላውን መልሳ አነሣች። "ዛሬ ከሰዓት እነግርሻለሁ" አለች በመጨረሻ። ሀምዳ ራሷን ነቀነቀች፣ ተነሣች፣ የሽርጧን አቧራ አራግፋ ወጣች።

ሰዓዳ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች፤ ዓይኗ ቢያነባ ሰው ሽንኩርት ነው ይላል። እጇ ግን ከዚያ በኋላ እየላጠ አልነበረም፤ እየከተከተ ነበር። በስልሳ ስድስቱ ረሃብ እሷና እናቷ፣ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ከማሉዲንም፣ ከሚሌ ወዲህ ባለ መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። ስንት መኪና አቧራውን እያለበሳቸው አለፈ። አንዱ ቆመ። ሾፌሩ ወረደ፤ በፕላስቲክ ውሃ ሰጣቸው፤ እናቷን አንስቶ ከወንበሩ ጀርባ ካለው መኝታው ላይ አስተኛት፤ አዋሽ አድርሷቸው ምንም ሳይቀበል ሄደ። ስሙን ስትጠይቀው ሀብተ ሥላሴ አላት። ክርስቲያን ነው፤ ሰዓዳ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ዱዓ ስታደርግ ከአባቷ ስም ቀጥላ የእሱን ትጠራለች። ወንድሟ ሾፌር ይሁን ብላ የቆረጠችውም ያን ቀን ነው። ሌላው ሰው ሾፌር ሲል ደመወዙን፣ አበሉን፣ ከአሰብ የሚመጣውን ሰዓትና ሸሚዝ ያስባል። እሷ ሾፌር ስትል የሚቆም ሰው ማለቷ ነበር። አሥር ዓመት እዚህ ሙቀት ውስጥ ለሰው ሰሃን ያጠበችው፣ ለባቡር መንገደኛ በመስኮት እንቁላልና ዳቦ እያቀበለች እግሯ ያበጠው፣ መንጃ ፈቃዱን ያስወጣችለት ለዚህ ነበር። ሰፈሩ "ለከማሉዲን አለፈለት" ሲላት ልቧ ይሞላ ነበር። እንግዲህ ያለፈለት እንዲህ አድርጎ ነው።

ከማሉዲን በሦስት ሰዓት ተነሣ። ፂሙን በግቢው መስታወት ተላጨ፤ አዲሱን ካኪ ሱፍ ለበሰ፤ ሽቶ ረጨ። መልከ መልካም ነው፤ ሳቁ ቤት ይሞላል፤ ሰው ይወደዋል። ሰዓዳም ትወደዋለች፤ ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነው። ሻይ አቀረበችለት። በጎቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቃት፤ ደህና ናቸው አለች። ዛሬ ከድግሱ በኋላ በአሥር ሰዓት ለአራተኛው ጉዞ ባዶውን ወደ አሰብ እንደሚወጣ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚገባው ጭነት ገና አለማለቁን፣ አራተኛውንም ቀድሞ ከተመለሰ የስምሪት ሹመት እንደሚያገኝ እንደተነገረው አወራላት። ምንድን ነው ጭነቱ አለችው። ጠርሙስ ነው አላት፤ ለትልልቆቹ ሰዎች። ሙስሊም ነህ እኮ ብትለው ጭነት ጭነት ነው አለ፤ ሳቀም። ያን ጊዜ ቀስ ብላ፣ ሻዩን እያማሰለች፣ ባለፈው ስትወርድ ሰው ጭነህ ነበር ወይ ስትል ጠየቀችው።

"ክልክል ነው እኮ እትዬ" አለ። ሻዩን ጨለጠና ብርጭቆውን ካሰበው በላይ ድምፅ አሰምቶ አስቀመጠው። "ለልዩ ጭነት የተመደበ መኪና ዶሮም አይጭንም።"

አልጫንኩም አላለም። እሷም አልጨመረች። እናታቸው ከአልጋዋ ላይ አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ ልጄ ብላ መረቀችው፤ እጁን ዘርግቶ "አሚን" አለ፤ ዓይኑ ግን ከሙስበሃው ላይ ሸሸ። ሰዓዳ ያንን አየች።

በአራት ሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አግዳሚው ወንበር ከላብ የተነሣ ሰው ላይ ይጣበቃል። ግድግዳው ለበዓሉ ተብሎ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ የተደገፈ ሰው ጀርባው እየተቀባ ነው። የጭነት ማመላለሻ ድርጅቱ የአዋሽ ጣቢያ ኃላፊ ጓድ ስዩም ወረቀቱን ዘርግቶ ለሃያ ደቂቃ ተናገረ። ስዩም ክፉ ሰው አይደለም። ከደጋ መጥቶ በሙቀት የሚሠቃይ፣ ሪፖርት የሚፈራ፣ መሀረቡን ከአንገቱ የማያወርድ ሰው ነው። ሌሎች ሾፌሮች በወር ሁለት ጊዜ ሲመላለሱ ጓድ ከማሉዲን ሦስት ጊዜ ደርሶ መመለሱን፣ አንዲት ጠርሙስ እንኳ እንዳልተሰበረችበት፣ በመንገድ ላይ ለአንድም ጉዳይ ሳይቆም ግዴታውን መወጣቱን አነበበ። ሰው አጨበጨበ። ሰዓዳ ከሴቶች ማኅበር አግዳሚ ላይ ሆና እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከጎኗ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪዋ ሸጊቱ በክርኗ ጎሸም አድርጋ አጨብጭቢ እንጂ፣ ያንቺ እኮ ነው አለቻት። ሰዓዳ እጄ አሞኛል አለች። ሜዳሊያ ተንጠለጠለለት፤ ባለ ሦስት ባንድ ሬዲዮ ተሰጠው፤ ከዚያ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ። አዋሽ ላይ፣ በነሐሴ፣ ብርድ ልብስ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሾፌር "ፍራሽ ቢጨምሩበት ይሻል ነበር" ብሎ አስፈገጋቸው። ሁሉም ሳቁ፤ ሰዓዳ ግን "ሳይቆም" የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ እንደ ዝንብ ታንዣብብ ነበር። እኔ ነኝ አለች በልቧ። ልጅ ሆኖ ውሃ ሲቀዳ፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ ጋራዥ ሲላላክ፣ ቶሎ በል፣ ወደ ኋላ አትይ፣ የቀረ ይቅር እያልኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በራሷም ላይ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን ለሁለት ሲከፈል አላነሰም።

በሰባት ሰዓት ድግሱ ሞቀ። ከፀሐይ ይከልል ተብሎ ያው የመኪናው ሸራ ከቤቱ ጣሪያ እስከ ግራሩ ተወጥሯል፤ ሰማያዊው ጥፍ ልክ ከከማሉዲን ራስ በላይ ነበር። ስዩምና የቀበሌው ሊቀ መንበር በወንበር፣ ሾፌሮቹ በሰሌን፣ ሴቶቹ በማድ ቤቱ በኩል ተቀመጡ። ሬዲዮው ተከፍቶ ማርሽ ያሰማል። ሩዝና ሥጋው በየትሪው ወጣ፤ ሰው እጁን ታጥቦ ገባበት። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ከማሉዲን እየገፉ "እንደሱ ያድርግህ በል ሳመው" ይላሉ። አንዱ ሽማግሌ የባቲ ልጅ መሆኑን አንስቶ የአገሩን ስም አስጠራ፣ አላህ ከዚህም በላይ ያውጣው አለ። ኡምሰልማ ሙስበሃዋን በእጇ ይዛ ከልጇ ጎን ተቀምጣለች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ቀን አልነበራትም። ሰዓዳ ትሪ አመላልሳ፣ ውሃ አስታጥባ፣ በመጨረሻ ከሸራው ጥግ ቆመች። ያን ጊዜ ስዩም አፉን ጠርጎ፣ ይህን የመሰለ ወንድም ያሳደገች እህት አንድ ቃል ሳትናገር ድግሱ ሊበተን አይገባም አለ። "በሉ እትዬ ሰዓዳ፣ ምርቃት" አሉ ሾፌሮቹም።

ሰዓዳ ሬዲዮውን ዘጋችው። ከዚያ መሬት ላይ፣ ከወንድሟ ፊት ለፊት፣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

"ምርቃት የለኝም" አለች። "ዳጉ ነው ያለኝ። ዛሬ ጥዋት ተረከብኩ፤ ሳላስረክብ ፀሐይ መግባት የለባትም።"

ከማሉዲን ሳቅ አለና "እሷማ አፋር ሆናለች" ብሎ ለስዩም ነገረው። ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ሳቀ። ሰዓዳ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ጀመረች፤ አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ፣ ድምጿን ሳታነሣ። ማን ለማን እንደነገረ፣ ማክሰኞውን፣ የሰመራን ሜዳ፣ ቱቦውን፣ ኩታውን፣ ልጅቷን፣ አሰብ ያለ አባቷን፣ ኬላውንና ኮረብታዋን። የሚበላው እጅ አንድ በአንድ ከትሪው ላይ ወጣ። የመኪናውን ግራ ዓይን ስትናገር ሾፌሮቹ ወደ መኪናው ዞሩ። ሸራውን ስትናገር ሰው ሁሉ ወደ ላይ ቀና አለ። ሙስበሃው ዘንድ ስትደርስ ወደ እናቷ አላየችም፤ የፍሬዎቹ ቀጭ ቀጭ ግን ቆመ።

"ዳጉው ይኸው ነው" አለች። "አንተስ ከማል፣ በመንገድህ ምን አየህ?"

ከማሉዲን መጀመሪያ ስዩምን አየ። ስዩም መሀረቡን አየ። ከዚያ ከማሉዲን ትእዛዝ መሆኑን፣ ተቆጣጣሪዎቹ ከኬላው ወጥተው ወደ ሎጊያ ቀረብ ብለው ቆመዋል ተብሎ ሎጊያ ላይ ስለተነገረው ከሌላው ጊዜ ቀደም ብሎ እንዳወረዳቸው፣ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው መሆኑን፣ እናንተም የምታደርጉት ነው ብሎ ወደ ጓደኞቹ እየዞረ፣ ኬላውን ካለፈ በኋላ እንደጠበቃቸው ተናገረ። ሾፌሮቹ አልካዱም። ማውረዱን ሁሉም ያደርገዋል፤ ከወዲያ ቆሞ መጠበቁ ነው የሥራው ሕግ።

"ስንት ጠበቅካቸው?" አለች ሰዓዳ።

"ጠበቅኳቸው አልኩሽ።"

"ስንት?"

"አንድ ሲጋራ" አለ ቀስ ብሎ።

"ስትመለስስ? በዚያው መንገድ ነው የተመለስከው። በቱቦዋ ላይ ነው ያለፍከው።"

"ጭነት ነበረኝ እትዬ። ቀን አልቆብኝ ነበር።" ሜዳሊያውን በመዳፉ ሸፈነ። "ሌላ መኪና ያነሣቸዋል ብዬ ነው። እኛን አንስቶን የለ?"

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ሰዓዳ ከመሬት ተነሣች። "አዎ አንስቶናል" አለች። "ሀብተ ሥላሴ አንስቶናል። ያን ሰው ሜዳሊያ ያንጠለጠለለት የለም፤ ሬዲዮም የሰጠው የለም፤ ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን አለፈለት የምለው እሱን ነው። አንተን እሱን አደርግሃለሁ ብዬ ነበር አሥር ዓመት ሰሃን ያጠብኩት። አንተ ደግሞ አቧራውን አልብሰውን የሄዱትን ሆነህ መጣህ፤ ከተማው ሁሉ አጨበጨበልህ።"

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰዓቱን አየ። ስዩም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወይዘሮ ሰዓዳ በንዴት እንደተናገሩ፣ በዓሉም በደጅ መሆኑን፣ የአፋር ወሬ በማስረጃነት እንደማይያዝ፣ ለማንኛውም ነገሩ ከዚህ ግቢ ባይወጣ ለሁሉም እንደሚሻል በለሆሳስ አስረዳ።

"ጓድ ስዩም" አለችው ሰዓዳ፣ "ከዚህ ግቢ እኮ አልተነሣም፤ ወደዚህ ግቢ ነው የመጣው። ከሎጊያ እስከዚህ ባለው መንገድ ግመል የሚጠብቅ ሁሉ ያችን መኪና በግራ ዓይኗ ያውቃታል። ስሙ እንዲታወቅ ፈልጎ አልነበር? ታውቆለታል።"

ኡምሰልማ ሙስበሃውን ሰበሰበችና ከልጇ ጭን ላይ ልታስቀምጠው እጇን ዘረጋች፤ ሐሳቧን ለወጠች፤ ለሰዓዳ ሰጠቻት። "ለባለቤቷ ስጪልኝ" አለች። "ዘጠና ዘጠኝ ነው፤ አልጎደለም። አንድም ጊዜ የደረሰልኝ ጸሎት ግን የለም ማለት ነው።" ከዚያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች። ከማሉዲን "እማ" አለ፤ አልዞረችም።

ድግሱ በዚያው ተበተነ፤ ሥጋው ግን አልተረፈም። አንዳንዱ አላህ ይርሐመው ብሎ ወጣ፣ አንዳንዱ የወንድምን ገመና በአደባባይ ብሎ አጉረመረመ፣ ሸጊቱ ደግሞ ጥግ ላይ ለነበሩት ሴቶች ሰው በረሃ ላይ መጣል በደል አይደለም ወይ ብላ ስትከራከር ትሪዋን ጨረሰች። ሾፌሮቹ ሸራውን አውርደው፣ ያለ ወትሮው ቀልድ፣ መኪናው ላይ መልሰው አሰሩት። አንደኛው ሲወጣ ከከማሉዲን ትከሻ ላይ እጁን አሳረፈ፤ የማጽናናት ይሁን የመለየት አይታወቅም። ስዩም ሬዲዮውን ማን ይውሰደው ብሎ ትንሽ ሲያመነታ ቆይቶ ወንበሩ ላይ ትቶት ሄደ። ሰዓዳ ሰሃኑን ሳታጥብ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሃን ሳታጥብ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ሞላች፤ ዳቦና ቴምር በሻሽ ቋጠረች፤ ለእናቷ ሦስት አራት ቀን እንደምትቆይ፣ ሸጊቱ እያየቻት እንደምትውል ነገረቻት። ሀምዳ ከአጥሩ ውጪ ግራሩ ሥር ቆማለች። ሰዓዳ ጠጋ ብላ ጥዋት ያስቀረችውን ዳጉ አስረከበቻት፤ ሾፌሩ የእናቴ ልጅ ነው፣ ስሙ ከማሉዲን ነው፣ ዛሬ በአሥር ሰዓት ወደ ሎጊያ ይወጣል፣ ብቻውን አይደለም። ሀምዳ ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ሸለቆው ወረደች።

በአሥር ሰዓት ከማሉዲን ካኪውን አውልቆ የሥራ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ሜዳሊያውን የት እንዳደረገው አልታወቀም። የመኪናውን በር ሲከፍት ሰዓዳ ከወዲያኛው በኩል ወጥታ ተቀምጣለች፤ ጀሪካኑ በእግሮቿ መሀል፣ ሙስበሃው በግራ እጇ። ከፊቷ የገዛ እጇ የሰፋው አረንጓዴ ጨርቅ ከነዘርፉ ተንጠልጥሏል። ከማሉዲን ወጣ፣ በሩን ዘጋ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ከፊቱ ያለውን የባቡር ሐዲድ አየ። ፊቱ ላይ ያ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ መንገድ ዳር ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ የተቀመጠው፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። አዘነችለት፤ ማዘኗ ግን ንዴቷን አላበረደውም።

"እትዬ" አለ ወደ እሷ ሳያይ። "ሰው መጫን ክልክል ነው። ኬላ ላይ ይይዙኛል፤ ሹመቱም ይቀራል።"

"እንግዲያው አውርደኛ" አለችው። "ማውረዱን ታውቅበታለህ።"

ከማሉዲን ሞተሩን አስነሣ።